ፕሪንተሩም አብሮ ሲጠፋ፦ የአንድ ቢሮ ኔትወርክ የጉዳይ ጥናት

ለምን ጻፍኩት

"ኢንተርኔት የለም" የሚል አቤቱታ ስንት ጊዜ እንደሰማሁ ቆጥሬው አላውቅም። የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። ግን የሚነግረኝ ምልክቱን ነው፣ በሽታውን አይደለም። ራሴን አመመኝ እንደማለት ነው፤ ራስ በስንት ምክንያት ይታመማል።

ይህ ጉዳይ አንድ ቢሮ ውስጥ የገጠመኝ ነው። ውስጡ ሦስት የተለያዩ ጥፋቶች ነበሩ፣ ከውጭ ሲታዩ ግን ሦስቱም "ኔትወርክ አስቸገረ" ከሚለው በላይ ስም አልነበራቸውም። በሁለቱ ጥፋቶች ውስጥ የእኔም እጅ አለበት፣ ሳልደብቅ እጽፈዋለሁ። የድርጅቱንም የሰዎቹንም ስም ትቻለሁ።

ቢሮውና ኔትወርኩ

አርባ የሚሆኑ ሰዎች የሚሠሩበት ባለ ሁለት ወለል ቢሮ ነው። ከአገልግሎት ሰጪው የሚመጣው መስመር ታች ወዳለች አንዲት ጠባብ ክፍል ይገባል፣ እዚያ ራውተር አለ፣ ከራውተሩ አንድ ኬብል ወደ ባለ 24 ፖርት ስዊች ይሄዳል፣ ከስዊቹ ደግሞ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ወዳሉት ሶኬቶች ኬብሎች ተበትነዋል። ሶኬት ያልበቃቸው ክፍሎች ጠረጴዛ ሥር ትንንሽ ባለ 8 ፖርት ስዊቾች ተጨምረዋል። ማን መቼ እንደጨመራቸው የሚያውቅ የለም። ዋይፋይ የሚያሰራጨው አክሰስ ፖይንት አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም ታች።

የመሣሪያዎቹን ሥራ ቶሎ ላስቀምጥ፣ ኋላ ላይ ስለሚያስፈልገን። ስዊች በአንድ ኔትወርክ ውስጥ ያሉትን እርስ በርስ ያገናኛል። እያንዳንዱ የኔትወርክ ካርድ ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣ ባለ 48 ቢት ማክ አድራሻ አለው። ስዊቹ የትኛው ማክ በየትኛው ፖርት እንደመጣ እያየ ይመዘግባል፣ ከዚያ በኋላ መልእክቱን ለሚመለከተው ፖርት ብቻ ይሰዳል። ድሮ በስዊች ፈንታ የነበረው ሃብ ይሄን አያውቅም ነበር፣ በአንዱ ቀዳዳ የገባውን በሁሉም ያስወጣዋል። ራውተር ደግሞ አንዱን ኔትወርክ ከሌላው ያገናኛል፣ እዚህ ጋ የቢሮውን ከውጭው ዓለም ጋር፤ የሚሠራውም በአይፒ አድራሻ፣ ማለትም ኔትወርኩ ላይ ላለ ለእያንዳንዱ መሣሪያ በሚሰጠው ቁጥር፣ ነው። አክሰስ ፖይንት በኬብል የመጣውን በሬዲዮ ማስተላለፍ ብቻ ነው ሥራው።

ለኮምፒውተሮቹና ለስልኮቹ አድራሻ የሚያድለው ራውተሩ ላይ ያለው ዲኤችሲፒ ነው። ከ192.168.1.100 ጀምሮ ለጠየቀው ሁሉ ይሰጣል። ራውተሩ ራሱ 192.168.1.1 ነው፣ የጋራው ፕሪንተር 192.168.1.50። ሦስተኛዋን ቁጥር፣ 1ን፣ ያዙልኝ።

ዋናው ስዊች ማኔጅድ አልነበረም። ገብታችሁ የምታዩት ገጽ የለውም ማለት ነው። መብራቱን እያዩ መገመት ነው።

ችግሩ

ጠዋት ሰው ገብቶ ኮምፒውተሩን ሲከፍት ለግማሹ ኢንተርኔት አለ፣ ለግማሹ የለም። ከምሳ በኋላም እንደዚሁ። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች፣ አንዷ ኢሜይል እየላከች ሌላኛዋ ባዶ ገጽ ታያለች። ዛሬ የሠራለት ነገ አይሠራለትም። ሪስታርት ሲደረግ አንዳንዴ ወዲያው ይመለሳል፣ አንዳንዴ ሦስቴ አራቴ ማድረግ ይጠይቃል።

ሦስት ሳምንት ሙሉ በዚህ መልክ ቆይቷል። በመሃል ቢሮው የራሱን መድኃኒት አገኘ፦ "አጥፍተህ አብራው"። ሲሠራ ሁሉም ደስ ይለዋል፣ ለምን እንደሠራ ግን ማንም አልጠየቀም። እኔ ራሴ ስደርስ አልጠየቅኩም።

መጀመሪያ የተሞከረውና ያልሠራው

በመጀመሪያ የተከሰሰው አገልግሎት ሰጪው ነው። ሁለት ጊዜ ባለሙያ ልከው ራውተሩ ድረስ ያለውን መስመር ለክተው "ከእኛ በኩል ችግር የለም" ብለው ሄዱ። ማንም አላመናቸውም። ልክ ነበሩ።

ቀጥሎ ራውተሩ ተከሰሰና በአዲስ ተተካ። የመጀመሪያው ቀን ሰላም ሆነ፣ በሁለተኛው ቀን ሁለት ሰዎች ብቻ አጉረመረሙ፣ በሦስተኛው ቀን ሁሉም ነገር እንደነበረ ተመለሰ።

ከዚያ እኔ ተጠራሁ። ሌሎቹን ኬብሎች ነቅዬ ላፕቶፔን ቀጥታ ራውተሩ ላይ ሰካሁ፣ ፍጥነቱን ለካሁ፣ ጥሩ ነው። ስዊቹን አጥፍቼ አበራሁት። ዞር ዞር ብዬ አምስት ስድስት ሰው ጠየቅኩ፣ ሁሉም "አለ አለ" አሉኝ። ተሠራ ብዬ ወጣሁ። በማግስቱ ጠዋት ቁርጥ በሥራ መግቢያ ሰዓት ስልኬ ጮኸ።

ፍንጩ ከሒሳብ ክፍል መጣ

ስመለስ ሒሳብ ክፍል የምትሠራ አንዲት ሴት ጠራችኝ። "እኔን የሚገርመኝ" አለች "ኢንተርኔቱ ሲጠፋብኝ ፕሪንተሩም አብሮ ይጠፋል። ፕሪንተሩ በኢንተርኔት ነው እንዴ የሚሠራው?"

አይደለም። ፕሪንተሩ ከእሷ ክፍል በአሥር እርምጃ ርቀት ኮሪደሩ ላይ ነው የቆመው። ከእሷ ኮምፒውተር ተነስቶ ወደ ፕሪንተሩ የሚሄድ ሰነድ ከሕንፃው አይወጣም፤ በስዊቹ በኩል ያልፋል፣ አለቀ። የውጭው መስመር ተበጥሶ መሬት ላይ ቢወድቅ እንኳ ማተም ነበረባት። ስለዚህ የጠፋው ኢንተርኔቱ አልነበረም። የሴትዮዋ ኮምፒውተር ራሱ ቢሮው ውስጥ ሆኖ ከቢሮው ኔትወርክ ውጭ ነበር።

ይቅርታ ጠይቄ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። ጥቁሯን የትእዛዝ መስኮት ከፍቼ አይፒኮንፊግ ብዬ ጻፍኩ። እንዲህ አለ፦

አይፒ አድራሻ፦ 192.168.0.104
ሰብኔት ማስክ፦ 255.255.255.0
ጌትዌይ፦ 192.168.0.1

ለሚቸኩል ዓይን ምንም የጎደለው የለም። ትናንትም በሌላ ሰው ስክሪን ላይ ይህን የመሰለ አድራሻ አይቼ አልፌው ነበር፣ 192.168 ብሎ ሲጀምር ዓይኔ "እሺ፣ ደህና ነው" ብሎ ቀሪውን አላነበበም። ሦስተኛዋ ቁጥር 1 መሆን ሲገባት 0 ናት።

ይቺ አንድ ቁጥር ምን ታመጣለች? ሰብኔት ማስኩ 255.255.255.0 ሲሆን ለኮምፒውተሩ የሚነግረው "የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች ከአንተ ጋር አንድ የሆኑ ሁሉ ጎረቤቶችህ ናቸው፣ ቀጥታ አናግራቸው፤ የተለዩትን በጌትዌዩ፣ ወደ ውጭ በሚያወጣው በር፣ በኩል ፈልጋቸው" ነው። ፕሪንተሩ 192.168.1.50 ስለሆነ ለእሷ ኮምፒውተር ጎረቤት አይደለም። ስለዚህ ሰነዱን ወደ 192.168.0.1 ይልከዋል። ያ ደግሞ መውጫ የሌለው በር ነው።

ሁለት አዳዮች በአንድ ቤት

ጥያቄው አሁን ይሄ ነው፦ ይሄን አድራሻ ማን ሰጣት? የቢሮው ራውተር በፍጹም 192.168.0 ብሎ አይሰጥም።

ዲኤችሲፒ እንዴት እንደሚሠራ ካወቃችሁ መልሱ ይታያችኋል። እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው ደንብ መሠረት ነገሩ በአራት ንግግር ያልቃል። አዲስ የመጣው ኮምፒውተር ማንንም ስለማያውቅ ለሁሉም ይጮሃል፦ "አድራሻ የሚሰጥ አለ?" አዳዩ "ይህን ልስጥህ" ይላል። ኮምፒውተሩ "እሺ፣ እሱን ስጠኝ" ይላል። አዳዩ "ያንተ ነው" ብሎ ይመዘግባል። መጀመሪያ የጮኸው ጩኸት ብሮድካስት ነው፣ ስዊቹ በሁሉም ፖርት ያስወጣዋል። የሰማ ሁሉ መመለስ ይችላል። መታወቂያ የሚጠይቅ የለም። ሁለት አዳይ ካለ ደግሞ ኮምፒውተሮች በአብዛኛው ቀድሞ የደረሰላቸውን ይቀበላሉ።

ሁሉም ነገር እዚህ ላይ ገጠመ። "አጥፍተህ አብራው" የሚሠራው ዕጣውን እንደገና ስለሚያስወጣ ነበር። ጠዋትና ከምሳ በኋላ የሚብሰው ሰው ኮምፒውተሩን የሚከፍተው ወይም ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው ያኔ ስለሆነ ነው። ጠዋት ዕድሉ የቀናው ቀኑን ሙሉ ሰላም የሚሆነው ደግሞ አድራሻ የሚሰጠው ለተወሰነ ጊዜ ስለሆነና፣ ጊዜው ግማሽ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ለማራዘም የሚጠይቀው መጀመሪያ የሰጠውን አዳይ ለይቶ ስለሆነ ነው። አዲሱ ራውተር ለአንድ ቀን "ያዳነው" ምን እንደሆነ አሁን መናገር ይቻላል፦ ዕድል።

ፍለጋው

ሌላ አዳይ የሆነ ቦታ ተሰክቷል። የት? ማኔጅድ ስዊች ቢኖር ኖሮ ማክ አድራሻውን ይዤ ሰንጠረዡን ገልጬ "ፖርት 14" የሚለኝ በአንድ ደቂቃ ነበር። እዚህ ግን በእጅ ነው።

ላፕቶፔን በእጄ 192.168.0.200 ብዬ አድራሻ ሰጠሁት፣ ዕጣ ውስጥ እንዳይገባ። ከዚያ 192.168.0.1ን ፒንግ አደረግኩት፣ "አለህ?" ብሎ መልስ መጠበቅ ነው። መለሰ። የትኛው አይፒ የየትኛው ማክ እንደሆነ ላፕቶፑ የሚይዝበትን የኤአርፒ ሰንጠረዥ ሳይ ማክ አድራሻው ወጣ። የማክ የመጀመሪያው ግማሽ፣ 24 ቢቱ፣ የአምራቹ መለያ ነው፤ ስፈልገው የቤት ራውተር የሚሠራ ኩባንያ ሆኖ አገኘሁት። ለቤት የተሠራ ሳጥን ነው የምፈልገው ማለት ነው።

ፒንጉ ሳይቋረጥ እንዲቀጥል አድርጌ ስዊቹ ፊት ተቀመጥኩና ኬብሎቹን አንድ በአንድ ነቅዬ እመልስ ጀመር። ፒንጉ ሲቆም ያ ኬብል ወደ እሱ የሚሄደው ነው። ሥራ እንዳላስተጓጉል ቀስ እያልኩ ስለነበር ጊዜ ወሰደ። ትዕግሥቴ አለቀና መሃል ላይ አቋርጬ ላይኛው ፎቅ ወጥቼ በዓይን ልፈልግ አልኩ። ስህተቱ እዚህ ይጀምራል።

በመሃል ያጠፋሁት

ላይኛው ፎቅ አንድ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ሥር ገብቼ ከትንሿ ስዊች የወጣ አንድ አጭር ኬብል አገኘሁ። ከአንድ ላፕቶፕ ላይ ነቅዬ የት እንደሚሄድ አየሁና ጫፉን እንደተንጠለጠለ ትቼው ወደ ቀጣዩ ክፍል አለፍኩ። ሌላኛው ጫፍ ስዊቿ ላይ እንደተሰካ ነው።

ክፍሉ ውስጥ የሚሠራ ሰው ተመልሶ ሲመጣ የተንጠለጠለ ኬብል አየ። ቅን ሰው ነው። የተነቀለ መሰለውና እዚያችው ስዊች ላይ ባዶ ያገኘው ቀዳዳ ውስጥ ሰካው። የኬብሉ ሁለት ጫፎች በአንድ ስዊች ላይ ሆኑ።

አንድ ደቂቃ አልፈጀም። በኮሪደሩ ከየክፍሉ "ጠፋ!" የሚል ድምፅ ተሰማ። አሁን ግማሹ አይደለም፣ ሁሉም። ወደ ታች ሮጬ ስወርድ ዋናው ስዊች ላይ ያሉት መብራቶች ሁሉ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በአንድ ላይ፣ በጣም በፍጥነት፣ አንድ ሰው እንደሚያጨበጭብላቸው ይርገበገባሉ። ጤነኛ ስዊች መብራቱ እንደዚህ አይደለም፤ አንዱ ሲበራ ሌላው ያርፋል፣ እንደ ሰው ወሬ ይቆራረጣል። ሁሉም በአንድ ምት ሲመቱ ካያችሁ ሉፕ፣ ዞሮ ራሱ ላይ የተመለሰ መንገድ፣ ነው ብላችሁ ጀምሩ።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ብሮድካስት የሆነ መልእክት ስዊች ውስጥ ሲገባ ከገባበት በስተቀር በሁሉም ፖርት ይወጣል። አንዱ ኬብል ዞሮ ወደዚያው ስዊች ከተመለሰ መልእክቱም ይመለሳል፣ እንደገና ይባዛል፣ እንደገና ይመለሳል። አይፒ ላይ ለዚህ መላ አለ፤ እያንዳንዱ ፓኬት ቲቲኤል የሚባል ቁጥር ይዞ ይጓዛል፣ በየራውተሩ አንድ አንድ ይቀነስበታል፣ ዜሮ ሲደርስ ይጣላል። ስዊች የሚያስተላልፈው ኤተርኔት ፍሬም ላይ ግን እንዲህ ያለ ቁጥር የለም። አይሞትም። እ.ኤ.አ. በ1985 ራዲያ ፐርልማን የምትባል ባለሙያ ስፓኒንግ ትሪ የሚባለውን ዘዴ የፈጠረችው ለዚሁ ነው፦ ስዊቾች እርስ በርስ ተነጋግረው ዙር የሚፈጥረውን መንገድ ራሳቸው እንዲዘጉት። ይሄ ዘዴ ማኔጅድ ስዊቾች ላይ የተለመደ ነው። በዚያ ቢሮ ውስጥ ያለ አንድም ስዊች አያውቀውም።

በዚህ መሃል ኮምፒውተራቸውን ሪስታርት ያደረጉ ሰዎች 169.254 ብሎ የሚጀምር አድራሻ ይዘው ተነሱ። ይሄ ኮምፒውተሩ ጮሆ ማንም ሳይመልስለት ሲቀር ለራሱ የሚሰጠው ነው። ሁለት አዳይ ነበረን፣ አሁን የአንዱም ድምፅ አይሰማም።

የላይኛውን ፎቅ ኬብሎች ከዋናው ስዊች አንድ በአንድ ስነቅል አንዱ ላይ መብራቱ ተረጋጋ። የእሱን መንገድ ተከትዬ ወጥቼ የተሰካችውን ጫፍ ነቀልኳት። ከጠፋበት እስከተመለሰበት ሃያ ደቂቃ ያህል ሄደ። የሰካውን ሰው የወቀሰው ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ለሥራ አስኪያጇ ወዲያው ነገርኳት። ጫፉን አንጠልጥዬ የሄድኩት እኔ ነኝ።

ሳጥኑ ከመጋረጃው ጀርባ

ወደ ቀስታው ዘዴ ተመለስኩ። 14ኛውን ኬብል ስነቅል ፒንጉ ቆመ። ስመልሰው ቀጠለ። ሁለቴ ደገምኩት።

ኬብሉ ላይኛው ፎቅ ጥግ ላይ ወዳለች ክፍል ይሄዳል። ከግድግዳው ሶኬት ወደ ትንሽ ስዊች፣ ከስዊቿ አንድ ኬብል ከቁምሳጥን ጀርባ ያልፋል፣ ከዚያ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ አቧራ የለበሰ ባለ ሁለት አንቴና የቤት ራውተር።

"ይሄማ የእኔ ነው" አለ ጥጉ ላይ የሚቀመጠው ሰው፣ ምንም ሳይደነግጥ። "ዋይፋዩ እዚህ አይደርስም። ሁለት ጊዜ አመልክተናል። መልስ ሲጠፋ ቤት የተቀመጠ አሮጌ ነበረኝ፣ አመጣሁት።" መቼ? የዛሬ ሦስት ሳምንት ገደማ።

ሰውየውን ለመቆጣት የፈለጉ ነበሩ። እኔ ግን ያደረገው ነገር እንዴት በትንሽ እንደሳተ ሳይ ነው የገረመኝ። የቤት ራውተር የምንለው አንድ ሳጥን በውስጡ አራት መሣሪያ ነው፦ ራውተር፣ ትንሽ ስዊች፣ አክሰስ ፖይንት፣ እና የዲኤችሲፒ አዳይ። እሱ የፈለገው ሦስተኛውን ብቻ ነበር። ግን አራቱም አብረው በሩ። ኬብሉን የሰካው ደግሞ ከአራቱ ተመሳሳይ ቀዳዳዎች በአንዱ፣ በላን (የውስጥ ኔትወርክ) ፖርት፣ ነው። በዚያ በኩል ሲሰካ ሳጥኑ የቢሮው ስዊች ቅጥያ ይሆናል፣ ዲኤችሲፒውም ለመላው ቢሮ ይሰማል። ነጠል ብላ በሌላ ቀለም የተቀመጠችው የዋን (የውጭ መስመር) ቀዳዳ ውስጥ ቢሰካው ኖሮ የራሱን ትንሽ ኔትወርክ ከኋላው ይዞ ይቀመጥ ነበር እንጂ ማንንም አይረብሽም ነበር። የሁለት ሴንቲሜትር ልዩነት።

እና የእሱ ዋይፋይ ራሱ እንዴት ይሠራ ነበር? እሱም እንደ ሌላው ዕጣ ውስጥ ነበር። "አንዳንዴ ይቆማል፣ ሪስታርት አደርገዋለሁ" አለኝ።

ያስተካከልነው

ሳጥኑ ተነቀለ። የተሳሳተ አድራሻ ይዘው የነበሩትን ኮምፒውተሮች ዞሬ አስለቀቅኩ። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ነበረው፣ ፕሪንተሩም።

ግን እዚያ ማቆም አልቻልንም፤ ነገ ሌላ ሰው ሌላ ሳጥን ያመጣል። ዋናው ስዊች በማኔጅድ ተተካ። እሱ ላይ ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ የሚባለውን አበራን፦ ራውተሩ ያለበት ፖርት ብቻ "የታመነ" ይባላል፣ በሌላ በየትኛውም ፖርት የሚመጣ የአድራሻ ስጦታ ስዊቹ በር ላይ ይጣላል። ስጀምረው የራውተሩን ፖርት የታመነ ማለት ረስቼ ለአሥር ደቂቃ ማንም አድራሻ አላገኘም፤ የምታበሩት ካላችሁ መጀመሪያ ያቺን አድርጉ። ስፓኒንግ ትሪም በራ።

አንድ ገደብ አለው፣ ልናገረው። ጥበቃው ያለው ዋናው ስዊች ላይ ነው። ጠረጴዛ ሥር ያለች ተራ ስዊች ላይ የተሰካ አዳይ እዚያችው ስዊች ላይ ያሉትን ጎረቤቶቹን አሁንም ማሳሳት ይችላል፣ መልእክቱ ወደ ዋናው ሳይደርስ እዚያው ስለሚያልቅ። ስለዚህ አዳዲስ ሶኬቶች አስገባንና ከጠረጴዛ ሥሮቹ ስዊቾች አንዷ ብቻ ቀረች።

ለላይኛው ፎቅ ጥግ ደግሞ እንደሚገባ የተሰካ አክሰስ ፖይንት እንዲገባ ተወሰነ። የታችኛው በ2.4 ጊጋኸርዝ ቻናል 1 ላይ ስለነበር አዲሱን 6 ላይ አደረግኩት። 1፣ 6 እና 11 እርስ በርስ አይደራረቡም። ችግሩ አለቀ መሰለኝ።

አረንጓዴ ያሳየው ቴስተር

ከሳምንት በኋላ ያው ሰው ደወለ። "ዋይፋዩ ምልክቱ ሙሉ ነው፣ ግን ይጎተታል። የእኔው አሮጌ ይሻል ነበር።" ይቺ ትንሽ አመመችኝ።

ስዊቹ አሁን ማኔጅድ ስለሆነ ከወንበሬ ሳልነሳ አየሁት። የአክሰስ ፖይንቱ ፖርት ሊንኩ ይነሳል፣ ይወድቃል፣ አንዳንዴ በ1 ጊጋቢት ፈንታ በ100 ሜጋቢት ይይዛል፣ የስህተት ቆጣሪው ያለማቋረጥ ይጨምራል። ኬብል ነው። ግን አዲስ ኬብል ነው፣ ርዝመቱም ከ100 ሜትሩ ገደብ ግማሽ አይደርስም። ጫፎቹን የገጠመው አብሮኝ የሚሠራ ጀማሪ ልጅ ነው፤ ሲጨርስ ቴስተር ሰካን፣ ከ1 እስከ 8 መብራቶቹ በተራ በራ በራ አሉ፣ አረንጓዴ። "ጎበዝ" ብዬው ሄድን።

ጫፉን ወደ ብርሃን ይዤ ቀለሞቹን አየኋቸው። ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ያምራል። ጥንዶቹ ጎን ለጎን፣ በሥርዓት። ስህተት ነው።

ትክክለኛው፣ ቢ የሚባለው አደራደር፣ ይሄ ነው፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። አረንጓዴው ጥንድ ሰማያዊውን መሃል አድርጎ ግራና ቀኝ ይቆማል፣ ምክንያቱም መሣሪያው እንደ አንድ ጥንድ የሚጠቀመው 3ኛውንና 6ኛውን እግር ነው። በኬብሉ ውስጥ ሁለቱ ሽቦዎች የተጠማዘዙት ለጌጥ አይደለም። በአንዱ የሚሄደው ምልክት በሌላው ተገልብጦ ይሄዳል፤ ከውጭ የሚመጣ ረብሻ ሁለቱንም እኩል ስለሚነካ ተቀባዩ ልዩነታቸውን ሲወስድ ረብሻው ይጠፋል። ልጁ እንደገጠመው ከሆነ ግን 3ኛው አረንጓዴ ጥንድ ውስጥ፣ 6ኛው ሰማያዊ ጥንድ ውስጥ ነው። ጓደኛሞቹ ሌላ ሌላ ሰው ጋር ተጠማዘዙ። አንዱ የሌላውን ወሬ ይሰማል።

ቴስተሩ ለምን አልያዘውም? ርካሹ ቴስተር የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ እዚህ ያለው 3 እዚያ 3 ደርሷል? ደርሷል። ከማን ጋር ተጠማዞ እንደደረሰ አያውቅም። 1 ጊጋቢት ኤተርኔት አራቱንም ጥንዶች አንድ ላይ ስለሚጠቀም ለዚህ ስህተት ርኅራኄ የለውም። ሁለቱን ጫፎች ቆርጬ እንደገና ገጠምኳቸው። የስህተት ቆጣሪውን ወደ ዜሮ መልሼ በማግስቱ ሳየው ዜሮ ነበር።

ለሌላ ቦታ የሚጠቅም

ከዚህ ጉዳይ በኋላ አቤቱታ ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ተቀይሯል። "ኢንተርኔት አለ?" አልልም። "ሌላ ምን አብሮ ጠፋ?" እላለሁ። ፕሪንተሩ እየሠራ ኢንተርኔት ከሌለ ወደ ውጭ ተመልከቱ፣ ሁለቱም ከጠፉ ውስጥ ቆዩ። ይቺ ጥያቄ በመጀመሪያው ሳምንት ተጠይቃ ቢሆን አዲስ ራውተር አይገዛም ነበር።

ሁለተኛ፣ አድራሻውን እስከ መጨረሻው ቁጥር አንብቡት፣ ከሚሠራ ጎረቤት አድራሻ ጋር አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ። 169.254 ከሆነ ማንም አልመለሰለትም፤ ኬብሉን፣ ስዊቹን፣ አዳዩን እዩ። የጎረቤቱን ካልመሰለ ሌላ አዳይ አለ። ልክ ከሆነ ጌትዌዩን ፒንግ አድርጉ። እሱ መልሶ ስም ብቻ ካልተፈታ የድረ ገጽ ስምን ወደ አይፒ አድራሻ ወደሚቀይረው ዲኤንኤስ ሂዱ። ከኬብሉ መብራት ተነስቶ ወደ ላይ መውጣት ነው፣ ከላይ ወደ ታች መገመት አይደለም።

ሪስታርት ሲሠራ ደግሞ አትደሰቱ። "አንዳንዴ ይሠራል" ማለት አንድ ነገር በየጊዜው በዕድል እየተወሰነ ነው ማለት ነው፣ እሱን ነገር መፈለግ ነው ሥራው። እኔ የመጀመሪያውን ቀን ያባከንኩት አምስት ሰው "አለ" ስላለኝ ብቻ ነው፣ የጠየቅኳቸው ዕጣ የወጣላቸውን መሆኑን ሳላውቅ።

ስለ ሰውየው ሳጥን ብዙ ሰው "መከልከል ነው" ይላል። ተከልክሏል፣ ስዊቹም ይከለክላል። ግን ሁለት ማመልከቻ መልስ ቢያገኝ ኖሮ ያ ሳጥን ከቤት አይወጣም ነበር። አሁን ኔትወርክ ለማየት ስሄድ ካልተመዘገቡ መሣሪያዎች ጀርባ ያለውን ችግር እጠይቃለሁ፤ ብዙውን ጊዜ እውነተኛ ነው።

የኬብል ጫፍ አንጠልጥሎ መሄድ የለም፤ ወይ ይሰካል ወይ ሁለቱም ጫፍ ይወጣል። አዲስ ኬብልም በቴስተር መብራት ብቻ አልረከብም፣ ጫፉን በዓይኔ አያለሁ፣ ከዚያ የስህተት ቆጣሪውን አንድ ቀን እጠብቃለሁ።

ከሁሉም የቀረን መለያ መለጠፉ ነው። አሁን ከ24ቱ ፖርቶች 23ቱ የት እንደሚሄዱ ተጽፎባቸዋል። 17ኛው ኬብል የት እንደሚገባ ማንም አላወቀም፣ መብራትም የለውም። ነቅዬው ሁለት ሳምንት ሆነ። እስካሁን የጮኸ የለም።